ላ ማንሳን በካርታ ላይ ስላሰፈሩልን

ለክቡር ዶክተር ሊሳንድሮ ኡርባኔሃ
የምሥራቅ ጠረፍ የባሕር ወራሪ ዝርያዎች ካርታ ሥራና ክትትል ዳይሬክቶሬት ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የዘገየ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ ሳይቋረጥ እንዲነፍስልዎ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተርዎ ሳያስለፋ እንዲነሣልዎ፣ ባለፈው ዓመት በቴሌቪዥን መግለጫ ሲሰጡ ያስልዎት የነበረው ጉንፋንም ጨርሶ እንዲለቅዎ ከልቤ እመኛለሁ። ስለ እኛ ስለ ፑንታ ቶልዳ ሰዎች ደኅንነት ሊጠይቁ አስበው ጊዜ አጥተው እንደሆነ ስለምረዳ፣ ሳልጠየቅ ለመመለስ ያህል፣ እኛ አለን። የሌለው ዓሣው ነው።

ስሜ ዳማሪስ ፓቲኞ ይባላል። ከጀልባ ማሰሪያው አጠገብ ዓሣ እየጠበስኩ አሬፓ ከምንለው የበቆሎ ቂጣ ጋር የምሸጥ ሴት ነኝ፤ የመሥሪያ ቤትዎ ሰዎች ለሥራ በመጡ ቁጥር ምሳቸውን እኔ ዘንድ ስለሚበሉ ቢጠይቋቸው አያጡኝም። ባለቤቴ ኦቢዲዮ ብሪቶ ዓሣ አጥማጅ ነበር። «ነበር» ያልኩት ሞቶ አይደለም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ይህንን በጋዜጣ የምጽፍልዎትም ክብርዎን ለመድፈር ሳይሆን፣ ቀደም ሲል በሰው እጅ የላክኋቸው ማመልከቻዎች የት እንደደረሱ የሚከታተልልኝ ክፍል በማጣቴ ነው። ክትትል የእርስዎ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ፤ የባሕሩ እንጂ የማመልከቻው እንዳልሆነም ተረድቻለሁ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስላስተማሩን። ያ እኛ «ምንጣፍ» የምንለው ነገር ወደ ባሕረ ሰላጤያችን ሲገባ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ሮዝ፣ ለስላሳ፣ ማዕበሉን ተከትሎ ወዲያ ወዲህ የሚል ነገር በድንጋዩ ላይ ሲዘረጋ፣ እውነቱን ለመናገር አንዳንዶቻችን «እንዴት ያምራል!» ብለን ነበር። ከሌላ ባሕር የመጣ ባዕድ ኮራል መሆኑን፣ አንድ ሰው በመስታወት ገንዳ ሊያሳድገው አስመጥቶ ሲሰለቸው ሳይደፋው እንደማይቀር፣ የአገሩን ኮራል ከላዩ ተኝቶ አፍኖ እንደሚገድል፣ ጥፍር የምታህል ቁራጭ በገመድ ተጣብቃ ከሄደችም በደረሰችበት እንደምትበቅል የነገሩን የእርስዎ ባለሙያዎች ናቸው። አንድ ትልቅ ፖስተርም ሰጥተውናል። በላዩ ላይ አንድ ፈገግ ያለ ዓሣ አጥማጅ በመልህቁ ላይ ንጹሕ ውኃ ሲያፈስ ተስሏል፤ ከሥሩም በትልልቅ ፊደላት «ሳታጥብ አትሂድ! ካየህ አትንካ፣ ደውል!» ይላል።

እኛም የዋሆች ሆነን አመንን። አፍንጫ ከምንለው ድንጋይ ጀርባ ያለችው ላ ማንሳ የምትባለው ትንሽ ሰርጥ ምንጣፉ ያልደረሰባት ብቸኛ ቦታችን ነበረች፤ ፓርጎ የምንለው ቀይ ዓሣ ጫጩት የሚያድገውም እዚያ ነው። ሰፈሩ ተሰብስቦ መልህቁንና መረቡን በንጹሕ ውኃ ያላጠበ ሰው ወደ ላ ማንሳ እንዳይሄድ ተማማለ። የፑንታ ቶልዳ ቧንቧ ሲከፈት ንፋስ እንጂ ውኃ እንደማይሰጥ፣ የምንጠጣው በቦቴ መኪና የሚመጣውን እንደሆነ ክቡርነትዎ ሳይሰሙ አይቀሩም። የመንደራችን አንጋፋ ዶኛ ቶማሳ ጉዳዩን ስትሰማ በሰው ሁሉ ፊት ወገቧን ይዛ፣ «ወይ ዘንድሮ! እኔ ሳልታጠብ መልህቅ ይታጠብ? እንግዲህ ከታጠበ አይቀር ሽቶም ቀቡት!» አለች። ይህንን ብላ ስታበቃ ወደ ቤቷ ገብታ የመጠጥ ውኃ በርሜሏን እየገፋች አመጣችው። ከዚያ በኋላ በየቤቱ ልጅ በጨው ውኃ እየታጠበ መልህቅ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ ነበር። ላ ማንሳም ንጹሕ ሆና ቆየች። ስለዚህ ትምህርት ልባዊ ምስጋናዬ ይድረስዎት፤ እርስዎ ባያስተምሩን ኖሮ ኋላ ላይ የሆነውን ነገር ባልገባን ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለጎበኙን። ላ ማንሳ በካርታዎ ላይ ቀለም ሳይነካት ነጭ ሆና መቅረቷ ቅር ሳያሰኝዎ አልቀረም። ምንጣፉ እዚያ እንደሌለ እኛ ብንናገርም፣ አለመኖሩ በባለሙያ ካልተረጋገጠ እንደ አለመኖር እንደማይቆጠር የቡድን መሪዎ ኢንጂነር ራኒየር በትዕግሥት አስረድተውናል። እናም አንድ ቀን ትልቁ ነጭ የሞተር ጀልባዎ መጣ። ማለዳውን ከጀልባ ማሰሪያው ፊት ለፊት፣ ምንጣፉ ድንጋዩን ጨርሶ የሰመጠ ጎማ ሳይቀር በሸፈነበት ቦታ፣ መልህቁን ጥሎ ሲለካ አረፈደ። ከዚያ ወደ ላ ማንሳ መንገድ የሚያሳይ ሰው ተፈለገ፤ የተጠራውም ኦቢዲዮ ነበር። ለዓሣ አጥማጆች ጠባቂ ለድንግል ዴል ቫዬ በዓል ብቻ የሚያወጣትን ሸሚዝ ለብሶ ሲወጣ፣ «ምነው፣ ሠርግ አለ እንዴ?» አልኩት። «ዛሬ እኮ የእኛ ቦታ የመንግሥት ካርታ ላይ ልትገባ ነው፤ አንቺ ደግሞ መቀለድ ነው የምታውቂው» ብሎኝ ሄደ።

በጀልባው ላይ የሆነውን የነገረኝ እሱ ነው፤ ኦቢዲዮ ደግሞ ስለ ዓሣ ካልሆነ በቀር ዋሽቶ አያውቅም። መልህቁ ሲነሣ በሰንሰለቱ ላይ ሮዝ ቁራጭ ተንጠልጥሎ አየ።

«ኢንጂነር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ነገር ሳይታጠብ ወደዚያ ባይሄድ?» አለ።

«አይዞህ አባባ፣ በመንገድ ላይ ማዕበሉ ያጥበዋል።»

«በባሕር ውኃ እኮ አይሞትም። ፖስተሩ ላይ እንኳ…»

«ፖስተሩ የተዘጋጀው ለዓሣ አጥማጆች ነው።»

ኦቢዲዮ ንጹሕ ውኃ አጥሯቸው ይሆናል ብሎ በልቡ ሊያዝንላቸው ነበር። ነገር ግን ለልኬት ወርደው የተመለሱት ጠላቂዎች ከጀልባው ታንከር በተሳበ ቱቦ መጀመሪያ ካሜራቸውን፣ ቀጥሎም ፀጉራቸውን እየተሳሳቁ ሲያለቀልቁ ተመለከተ። «እንግዲያው እኔው ልጠበው» ብሎ እጁን ወደ ሰንሰለቱ ቢሰድ፣ የመንግሥት ንብረት እንዳይነካ በትሕትና ተነገረው። ላ ማንሳ አፍ ላይ ሲደርሱም ጀልባው ውጭ ቆሞ በትንሿ ታንኳ እንዲገቡ ለመናቸው፤ ሰዓት እንደሌላቸው ተገለጸለት። መልህቁ ላ ማንሳ መካከል ወረደ። ንፋስ ስለነበረም ጥቂት ተጎተተ። ጠላቂዎቹ ወርደው፣ አይተው፣ ፎቶ አንሥተው ወጡ፤ ኢንጂነሩም የባለቤቴን ትከሻ ቸብ አድርገው «ደስ ይበልህ አባባ፣ ንጹሕ ነው! አረንጓዴ እንቀባዋለን» አሉት። ዓሣ ጠብሼ አበላኋቸው። እጅግ ጣፋጭ ነው ብለው አመስግነውኝ ሄዱ።

ሦስተኛ፣ ስለማይናወጠው አቋምዎ። ዝናቡ ካባራ በኋላ ኦቢዲዮ ላ ማንሳ ሲጠልቅ እኔ ጀልባውን ይዤ ከላይ ነበርኩ። ወጥቶ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ ጠርዙ ላይ ተቀመጠና ወደ ውኃው መልሶ ያይ ጀመር።

«ምነው፣ አመመህ እንዴ?» አልኩት።

«ዳማሪስ፣ ገብቷል።»

«ምኑ?» አልኩ፣ ምኑ እንደሆነ እያወቅሁ።

«መልህቃቸው ሲጎተት ያረሰው ቦይ አለ። እሱን ተከትሎ ነው የበቀለው። ሰው በመስመር የዘራው ነው የሚመስለው።»

ያን ጊዜ፣ ክቡር ሆይ፣ ምንጣፉ ከአንድ የጠረጴዛ ልብስ አይበልጥም ነበር። ኦቢዲዮ በአንድ ከሰዓት በኋላ በእጁ ለቅሞ በጆንያ ሊያወጣው ይችል ነበር። እጁንም ዘርግቶ ነበር። ግን ፖስተሩ «አትንካ፣ ደውል» ስለሚል፣ ነክተነው ቢበታተንስ ብለን ፈራን፤ ደወልን። ስልኩን ያነሣችው ወጣት ሴት ድምፅዋ እንደ ማር የሚጣፍጥ፣ እጅግ ጨዋ ልጅ ነበረች።

«እናቴ፣ ላ ማንሳ እኮ አረንጓዴ ናት» አለችኝ።

«የኔ ልጅ፣ ከትናንት ወዲህ ሮዝ ናት።»

«በእኛ በኩል አረንጓዴ ናት። እስከሚቀጥለው እትም ደግሞ አይቀየርም።»

ደግሜ ደወልኩ፤ ኦቢዲዮም ደወለ፤ ዶኛ ቶማሳም የጎረቤት ስልክ ተውሳ ደወለችና ምን እንዳለቻቸው እዚህ መጻፍ ጋዜጣውን ያስከስሳል። ላ ማንሳ ግን እንደጸናች አረንጓዴ ሆና ቀጠለች። ባለሥልጣን አቋሙን በየቀኑ በሚለዋውጥበት በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ጽናት ማየት የሚያኮራ ነው።

አራተኛ፣ በመጨረሻ ስለመጡልን። ጀልባዎ ሲመለስ የጠረጴዛ ልብሱ የቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚያህል ሆኖ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ጆንያውንና ጓንቱን ይዞ በየጀልባው ተሰልፎ ትእዛዝ ይጠብቃል፤ ሴቶች ካሳቤ የምንለውን የካሳቫ ቂጣና ውኃ ይዘናል፤ አንዳንዱ እንዲያውም ይዘፍን ነበር። ባለሙያዎችዎ ግን ያወረዱት ጆንያ ሳይሆን ከብረት የተሠሩ አራት ማዕዘን ክፈፎች ነበሩ። ክፈፎቹን በምንጣፉ ጫፍ ጫፍ ላይ ተከሉ፤ በላያቸው ተንሳፋፊ ምልክት አሰሩ፤ በምልክቱም ላይ «የክትትል ቀጠና፤ መንካት ክልክል ነው» ተጻፈ። ምንጣፉ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚስፋፋ ለማወቅ ሳይነካ መስፋፋት እንዳለበት ኢንጂነር ራኒየር ሲያስረዱን፣ ኦቢዲዮ ጆንያውን እንደያዘ ጠየቃቸው።

«እሺ፣ ለካችሁ። እና መቼ ነው የምታስቆሙት?»

«እኛ እኮ አናስቆምም አባባ። እኛ ክትትል ነን። ማስቆም የሌላ ክፍል ሥራ ነው።»

«እሱ ክፍል የት ነው ያለው? ዛሬውኑ እሄዳለሁ።»

«ገና አልተቋቋመም።»

ዶኛ ቶማሳ ከኋላ ሆና፣ «ቤት ሲቃጠል እሳቱን በሜትር የሚለካ ሰው ዛሬ ገና አየሁ!» ስትል አንዳንድ ሰዎች ሳቁ። ኦቢዲዮ አልሳቀም። በማግስቱ ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ከክፈፎቹ ርቆ ካለው በኩል መልቀም ጀመረ፤ የጠረፍ ጠባቂዎች ደረሱና ጥናት አደናቅፈሃል ብለው ጀልባውን ወሰዱበት። ሲመለስለት ሞተሩ አልነበረበትም። ሞተሩን የሚከታተል ክፍል መኖር አለመኖሩን ለመጠየቅ አፈርን።

አምስተኛ፣ ስለ ካርታው። አዲሱ እትም ሲወጣ አንዱን ቅጂ በነፃ ስለላኩልን ከልብ አመሰግናለሁ፤ ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ዘይት አያስተላልፍም። ኢንጂነሩ ራሳቸው ከመጥበሻዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፈውልኛል። ከዚያን ቀን ወዲህ ከከተማ የሚመጣው መንገደኛ ሁሉ ቁጭ ብሎ ቀና ሲል፣ ምንጣፉ አለበት ለማለት ሰፈራችን ላይ የተቀባውን ቀይ ያያል።

«እመቤቴ፣ ይህ ቀይ ምንድን ነው? ዓሣው መርዝ አለው እንዴ?»

«የለውም ጌታዬ፣ እንዲያውም ዛሬ ጠዋት የወጣ ነው።»

«ታዲያ ለምን ቀይ ሆነ?»

ማስረዳት እጀምራለሁ፤ መስታወት ገንዳ፣ ኮራል፣ መልህቅ እላለሁ፤ ሰውየው አንገቱን እየነቀነቀ የተጠበሰ ሙዝ ብቻ ያዝዛል።

ይህም ቢሆን ይሁን። ከካርታው ጥግ፣ ስለ ላ ማንሳ በትናንሽ ፊደላት የተጻፈውን ማብራሪያ ያነበበው ግን ኦቢዲዮ ነው። «በአካባቢው ዓሣ አጥማጆች ግዴለሽነት፣ ባልታጠበ መሣሪያ ሳይገባ አልቀረም» ይላል። ቆሞ አነበበው። ጣቱን ከቃሉ ላይ አድርጎ እንደገና አነበበው። እጄ ላይ ያለውን ዓሣ ትቼ ምን እንደሚል ጠበቅሁ። ይጮሃል፣ ካርታውን ይቀደዋል ብዬ ነበር። «ግዴለሽነት» አለ ቀስ ብሎ፣ አዲስ ቃል እንደሚማር ሰው። ከዚያ እጁን ታጥቦ ተቀመጠና ያቀረብኩለትን ሳይነካው ወጣ። እኔ ከዚህ ሰው ጋር ጎልማሳ ሆኜ ያረጀሁ ነኝ፤ ማዕበል ጀልባውን ሲሰብርበት አይቻለሁ፣ ወንድሙን ባሕር ሲወስድበት አይቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን ሆኖ ግን አይቼው አላውቅም።

ኦቢዲዮ አሁን ፖርቶ ላ ክሩዝ ከተማ ነው። አንድ ትልቅ ሱቅ ፊት ለፊት የቆሙ መኪናዎችን ይጠብቃል። ኮፍያ ሰጥተውታል። እሑድ እሑድ ይደውላል፤ ስለ ጉልበቴ ሕመም፣ ስለ ጣራው፣ ስለ ዶኛ ቶማሳ ምላስ ይጠይቀኛል። ስለ ባሕሩ አይጠይቅም፤ እኔም አልነግረውም። ዘንድሮ ለድንግል ዴል ቫዬ በዓል መጥቶ ነበር። ጀልባዎቹ ሁሉ አሸብርቀው ሥዕሏን ይዘው ሲወጡ፣ «ና፣ ግባ እንጂ ወንድሜ!» እያሉ ጠሩት። አልገባም። ጫማውን እንዳደረገ ዳር ቆሞ ተመለከተ። ኦቢዲዮ ባሕር ዳር ጫማ አድርጎ ቆሞ ሳየው ማን እንደሆነ የጠፋኝ መሰለኝ።

እሱ ከሄደ በኋላ ብቻዬን ወደ ላ ማንሳ ቀዘፍኩ። ውኃው እንደ ጥንቱ ጥርት ያለ ነው። ከላይ ሆኖ ላየው ያምራል፤ ከዳር እስከ ዳር ሮዝ ሆኖ ይወዛወዛል፤ ክፈፎችዎም ከነምልክታቸው ተውጠው የት እንዳሉ አይታወቅም። ኦቢዲዮ ድሮ «ውኃው ውስጥ ስገባ ያንቺን መጥበሻ የምሰማ ነው የሚመስለኝ፤ ኮራሉ እንዲያ ነው የሚንጣጣው» ይለኝ ነበር። ሊያስደስተኝ የሚለው እየመሰለኝ አንድም ቀን ወርጄ ሰምቼው አላውቅም። ያን ቀን ከጀልባው ጠርዝ ተንጠልጥዬ ጆሮዬን ውኃው ውስጥ ነከርኩ። ትንፋሼን እስኪያጥረኝ ያዝኩ። ምንም የለም።

ስለዚህ፣ ክቡር ዶክተር፣ የምጠይቅዎት ነገር የለኝም። የተወሰደው ሞተር ቢመለስ የሚነዳው ሰው የለም፤ ማብራሪያው ቢታረም የሚያነበው ሰው ከእንግዲህ አያነበውም፤ ምንጣፉን ልናወጣ ብንል አሁን ከኛ አቅም በላይ ነው፤ ከእርስዎ አቅም ደግሞ ድሮም በላይ ነበር። ካርታዎ ግን በእውነት ውብ ነው። ጀልባዎ በሄደበት ሁሉ ቀዩ ቀለም እየተከተለ ሲመጣ፣ እንዲህ ያለ የማይስት ካርታ በዓለም ላይ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ለመሥሪያ ቤትዎ ሰፊ በጀት፣ ለጀልባዎ የማያልቅ ነዳጅ፣ ለባለሙያዎችዎ ፀጉር የማይቋረጥ ንጹሕ ውኃ፣ ለክቡርነትዎም ረጅም ዕድሜ ከሙሉ ጤና ጋር እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

በካርታዎ ደቡባዊ ጥግ ከሚገኙት ቀያይ ነጠብጣቦች የአንደኛዋ ነዋሪ፣
ትሑት አገልጋይዎ
ዳማሪስ ፓቲኞ ዴ ብሪቶ
ፑንታ ቶልዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኢንጂነር ራኒየር በቅርቡ ደውለው፣ ለማነጻጸሪያ የሚሆን ምንጣፍ ያልነካው ቦታ በአካባቢው ቀርቶ እንደሆነ በአክብሮት ጠይቀውኛል። አለ። ባለሙያዎችዎ ሳይረግጡት፣ ቢሮ ተቀምጠው በግምት ቀይ ከቀቧቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን ሰፈሩ ላለመናገር ተማምሏል። ምንጣፉ ማዕበሉን ተከትሎ አንድ ቀን እዚያም መድረሱ እንደማይቀር ሁላችንም እናውቃለን፤ ቢሆንም በራሱ ጊዜ ይምጣ። እስከዚያው ድረስ፣ ክቡር ሆይ፣ ስሕተቱን እባክዎን አያርሙት።